ሜዳው የማን ነው? ስለ ዓለም አቀፍ የስፖርት ውድድሮች ታሪክና የዛሬ ሚና የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ስለ ስፖርት ስንነጋገር ወሬያችን ሁሉ ስለ አሸናፊው ነው። ማን ቀደመ? ማን ስንት አገባ? ስንት ወርቅ መጣ? እኔ ዛሬ ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ ስለሚመጣ ጥያቄ ልናገር። አንድ ሯጭ መነሻው መስመር ላይ ከመቆሙ፣ አንድ ቡድን ማልያውን ለብሶ ወደ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት «ይግባ» ወይም «አይግባ» ብሎ የወሰነ አካል አለ። ያ ውሳኔ የሚተላለፈው ተመልካች በሌለበት አዳራሽ፣ በድምፅ ብልጫና በፊርማ ነው። የታላላቅ ውድድሮች ታሪክ ከሁሉ በላይ የዚህ ውሳኔ ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህንንም በተለይ በአፍሪካ ዓይን ላስረዳችሁ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድማችሁ ያዙልኝ።

ከሥሩ እንጀምር። በ1894 ፒዬር ደ ኩበርቴን የተባሉ ፈረንሳዊ ባላባት በፓሪስ፣ በሶርቦን ጉባኤ ጠርተው የጥንቱ የግሪኮች ኦሎምፒክ እንደገና እንዲጀመር አስወሰኑ። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴም እዚያው ተቋቋመ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1896፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ በአቴንስ ተካሄደ። ሐሳቡ ሰፊ ነበር፤ የልዩ ልዩ አገር ወጣቶች በስፖርት ተገናኝተው ይተዋወቁ፣ ይከባበሩ የሚል። በሩ ግን ጠባብ ነበር። በአቴንስ አንዲትም ሴት አልተወዳደረችም፤ ኩበርቴን ራሳቸውም የሴቶችን ተሳትፎ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ አልወደዱትም።

ሌላም ማጣሪያ ነበረ። በስፖርት ገንዘብ ያገኘ ሰው በኦሎምፒክ አይወዳደርም የሚል ደንብ ወጣ። ላይ ላዩን ሲያዩት ስለ ንጽሕና የሚናገር ይመስላል። ነገር ግን ያለ ምንም ክፍያ ሥራውን ትቶ ልምምድ ሊያደርግ የሚችለው የሀብታም ልጅ ብቻ ነው። የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ተወላጅ የነበረው ጂም ቶርፕ በ1912 በስቶክሆልም ሁለት ወርቅ አገኘ። በማግሥቱ ዓመት፣ ቀደም ሲል በቤዝቦል ጥቂት ገንዘብ ተከፍሎት ነበር ተብሎ ሜዳሊያዎቹን ተነጠቀ። ቶርፕ በ1953 ሞተ፤ ኮሚቴው ስሙን ወደ አሸናፊዎች መዝገብ ለመመለስ የወሰነው በ1982 ነው። ፍርዱ ሲመጣ ባለ ጉዳዩ አልነበረም።

አፍሪካዊው ጥቁር ሰው ወደ ኦሎምፒክ የገባበት መንገድ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በ1904 ውድድሩ በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ ከአንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ጋር ተዳብሎ ተካሄደ። በኤግዚቢሽኑ ለእይታ ከቀረቡት መካከል ሰዎች ነበሩበት፤ ከአፍሪካ፣ ከእስያ፣ ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች የመጡ። እነዚህን ሰዎች «የአንትሮፖሎጂ ቀናት» በተባለ ዝግጅት ከዚያ በፊት አይተውት በማያውቁት ስፖርት አወዳደሯቸው፤ ውጤታቸውንም ዘራቸው ዝቅ ያለ ለመሆኑ ማስረጃ አድርገው ቆጠሩት። በዚያው ኦሎምፒክ ማራቶን ላይ ሌን ታውንያኔና ጃን ማሺያኒ የተባሉ ሁለት የደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ሮጠዋል። ወደ አሜሪካ የመጡት ስለ ቦር ጦርነት በሚቀርብ ትርኢት ላይ ለመሳተፍ ነበር። ያም ሆኖ ታውንያኔ 9ኛ፣ ማሺያኒ 12ኛ ሆነው ጨረሱ። እግራቸው ችሎታቸውን አስመስክሯል፤ በአዳራሹ ውስጥ ስለ እነርሱ የሚናገር ግን አልነበረም።

አሁን ወደ እግር ኳስ ልለፍ። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ ፊፋ፣ በዚያው በ1904 በፓሪስ ሲመሠረት መሥራቾቹ ሁሉም የአውሮፓ ማኅበራት ነበሩ። የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ በ1930 በኡራጓይ በ13 ቡድኖች መካከል ተካሄደ። ሁለተኛውን በ1934 ያዘጋጀችው ጣሊያን ናት። ሙሶሊኒ ዋንጫውን የፋሽዝም ማስታወቂያ አደረገው፤ ዓለም መጥቶ አጨበጨበ፤ በማግሥቱ ዓመት ጦሩ ኢትዮጵያን ወረረ። በዚያ ዋንጫ ከአፍሪካ የተገኘችው ግብፅ ብቻ ነበረች፤ በሀንጋሪ 4 ለ 2 ተሸንፋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሌላ የአፍሪካ ቡድን በዓለም ዋንጫ እስኪታይ ድረስ 36 ዓመት አለፈ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በአህጉሩ ኳስ ተጫዋች ጠፍቶ አልነበረም። የጠፋው መቀመጫ ነበር።

መቀመጫውን ለማግኘት የተጀመረው ትግል የእኛም ታሪክ ነው። በ1956 ፊፋ በሊዝበን ጉባኤ ሲያደርግ ጥቂት የአፍሪካ ተወካዮች ተገናኝተው አህጉራዊ ኮንፌዴሬሽን ለማቋቋም ተስማሙ። በየካቲት 1957 ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ እዚያው የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ጀመሩ። ያኔ አብዛኛው አፍሪካ ገና በቅኝ ግዛት ሥር ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው ከዚያ 6 ዓመት ቆይቶ ነው። ስለዚህ አፍሪካውያን በአንድ ድርጅት ሥር መሰብሰብን ከተለማመዱባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ የኳስ ሜዳ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በካርቱም ወዲያውኑ ፈተና መጣ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ሕግ ምክንያት ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉበት ቡድን ለመላክ እምቢ አለች፤ ወይ የነጮች ብቻ ወይ የጥቁሮች ብቻ ካልሆነ በማለት። የቀሩት ሦስት አገሮች አልተቀበሏትም። ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልታደርገው የነበረው ግጥሚያ ቀረና በቀጥታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው «አድዲባ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው ሞሐመድ ዲያብ ኤል አታር ነው። ውጤቱ ለኢትዮጵያ መራራ ቢሆንም ከሜዳው ውጭ የተወሰነው ነገር ከዋንጫው ይበልጥ ነበር። አራት አባላት ያሉት ለጋ ድርጅት ከአራቱ አንዱን፣ ያውም ሀብታሙን፣ በዘር መድልዎ ምክንያት ለማስወጣት ደፈረ። ታላላቆቹ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ደቡብ አፍሪካን ጨርሶ ለማስወጣት ከዐሥር ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል።

ቀጥለው የመጡትን የደስታ ዓመታት ሁላችሁም ስለምታውቋቸው በአጭሩ ልለፋቸው። በ1960 አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሮም ጎዳናዎች ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ፤ የፋሽስት ጦር ዘርፎ በወሰደው በአክሱም ሐውልት አጠገብ አልፎ። በጥር 1962 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካ ዋንጫን አነሣ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ በዚያ ፍጻሜ ያስቆጠሯቸው ግቦች ዛሬም በአገሩ አፍ ላይ ናቸው።

የዚያ ቡድን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በወጣትነታቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ። ከካርቱም ጀምሮ በኮንፌዴሬሽኑ ሥራ ውስጥ የነበሩ፣ ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስከ ዐረፉ ድረስ ፕሬዚዳንቱ የሆኑ፣ የዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴም አባል የነበሩ ሰው ናቸው። እኔ በዚህ ንግግር ከማንሣቸው ሰዎች ሁሉ ለነጥቤ ይበልጥ የሚቀርቡት እርሳቸው ናቸው፤ ሜዳውንም ጠረጴዛውንም ያውቁ ነበርና።

በ1964 ፊፋ ለ1966ቱ የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ ቦታ ሲደለድል 16 ቡድኖች ብቻ ይገቡ ነበር። ከነዚህ 10 ለአውሮፓ፣ 4 ለደቡብ አሜሪካ፣ 1 ለሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ ተሰጠ። የቀረችው አንዲት ቦታ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺንያ በጋራ ተመደበች። የአፍሪካ አሸናፊ ማጣሪያውን ከጨረሰ በኋላ ገና ከሌላ አህጉር አሸናፊ ጋር መጋጠም ነበረበት። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። የጋናው ኦሄኔ ጃንና አቶ ይድነቃቸው ተቃውሞውን መሩ፤ የአፍሪካ ቡድኖችም በሙሉ ከማጣሪያው ወጡ። በዚያ ወቅት ጋና የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበረች፤ ያ ትውልድ በዓለም ዋንጫ ሳይታይ ቀረ። ዋጋው ከባድ ነበር፤ ነገር ግን ፍሬ አፈራ። ለ1970 ዋንጫ አፍሪካ አንድ የራሷ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮ ሄደች። በ1978 ቱኒዚያ ሜክሲኮን 3 ለ 1 አሸንፋ አፍሪካ በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያውን ድል አየች። በ1982 ቦታው ሁለት፣ በ1998 አምስት ሆነ። በ2022 ሞሮኮ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። ለ2026ቱ፣ 48 ቡድኖች ለሚሳተፉበት ዋንጫ፣ አፍሪካ 9 ቀጥተኛ ቦታ ተሰጣት። ይህ ሁሉ ቁጥር የመጣው በ1966 ባዶ በቀረ ወንበር ነው።

በኦሎምፒኩም በኩል ትግሉ ከአፓርታይድ ጋር ነበር። ደቡብ አፍሪካ ለ1964ቱ የቶኪዮ ውድድር ተከለከለች። በ1968 ኮሚቴው ሊመልሳት ወሰነ፤ የአፍሪካ አገሮች ወደ ሜክሲኮው ኦሎምፒክ አንሄድም ሲሉ ውሳኔውን አጠፈ፤ በ1970 ጨርሶ አስወጣት። በ1976 ግን ሌላ ጥያቄ ተነሣ። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን፣ የሶዌቶ ተማሪዎች በተገደሉበት ሰሞን፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫወተ። አፍሪካውያን ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ትውጣ አሉ። ኮሚቴው ራግቢ የኦሎምፒክ ስፖርት አይደለም ብሎ መለሰ። ከ20 በላይ አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ከውድድሩ ወጡ።

እስቲ ዋጋውን በሰው እንለካው። በ1,500 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የታንዛኒያው ፊልበርት ባዪ ነበር። ዓለም የጠበቀው በእርሱና በኒውዚላንዱ ጆን ዎከር መካከል የሚደረገውን ፍልሚያ ነው። ባዪ ቀረ፤ ዎከር ወርቁን ወሰደ። የእኛው ምሩጽ ይፍጠርም ሞንትሪያል ላይ ሳይሮጥ ቀረ። በ1980 በሞስኮ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ያመጣው ሌላ አራት ዓመት ጠብቆ ነው።

እዚህ ላይ መለየት የሚገባን ነገር አለ። የ1976ቱ መቅረት የራሳችን ጉዳይ ነበር፤ አፍሪካዊው ራሱ ስለተገፋበት ነገር የከፈለው ዋጋ። ከዚያ በኋላ የመጡት ግን የሌሎች ጠብ ናቸው። በ1980 አሜሪካና ወዳጆቿ ከሞስኮ ቀሩ። በ1984 ሶቭየት ኅብረትና ወዳጆቿ ከሎስ አንጀለስ ቀሩ፤ ኢትዮጵያም አብራ ቀረች። በ1988 ሰሜን ኮሪያ ከሴኡል ስትቀር ኢትዮጵያ እንደገና አብራ ቀረች። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በላይነህ ዴንሳሞ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር፤ ክብረ ወሰኑ 10 ዓመት ቆየ። በመስከረም የተጀመረውን የሴኡል ኦሎምፒክ ግን ከሩቅ ተመለከተ። የ1976ቱ መሥዋዕትነት ያስገኘው ውጤት አለ፤ የ1984ቱና የ1988ቱ ግን ለአንድ ትውልድ አትሌቶች የጠፋ ዕድል ከመሆን በቀር ለአገሪቱ ያስገኙትን ጥቅም የሚያሳየኝ ሰው አላገኘሁም። ከሜዳ መውጣት መሣሪያ ነው፤ ዓላማው የራስ ሲሆን ያስከብራል፣ የሰው ሲሆን ያከስራል።

በ1992 በባርሴሎና ኢትዮጵያም ደቡብ አፍሪካም ተመለሱ። የሴቶች 10,000 ሜትር ወደ ኦሎምፒክ ከገባ ገና ሁለተኛ ጊዜው ነበር። ደራርቱ ቱሉ አንደኛ፣ ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ሁለተኛ ወጡ። ደራርቱ ኦሎምፒክ ላይ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ሁለቱ ተያይዘው ስታዲየሙን ሲዞሩ ያየ ሰው ካርቱም ላይ የተጀመረው ነገር የት እንደደረሰ አየ። ከአራት ዓመት በኋላም ያቺ በ1957 ያልተጫወተችው መሥራች አገር በራሷ ሜዳ የአፍሪካ ዋንጫን አነሣች። እነዚህ ሁለት ድሎች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም፤ ሠላሳ አምስት ዓመት በስብሰባ የተሟገቱ ሰዎች የሥራ ውጤት ናቸው።

እንግዲህ ወደ ዛሬው እንምጣ። ዛሬ በሩን የሚጠብቀው በዋናነት ገንዘብ ነው። ሞንትሪያል ለ1976ቱ ኦሎምፒክ የገባችበትን ዕዳ ከፍላ የጨረሰችው በ2006፣ ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ሎስ አንጀለስ በ1984 ያሉትን ስታዲየሞች ተጠቅማ፣ የቴሌቪዥን ስርጭትና የስፖንሰር መብት ሸጣ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አተረፈች። ከዚያ ወዲህ ሁሉም አዘጋጅ እንደ ሎስ አንጀለስ አተርፋለሁ ብሎ ይጀምራል፤ ብዙዎቹ እንደ ሞንትሪያል ይጨርሳሉ። አቴንስ ለ2004 የሠራቻቸው በርካታ ሜዳዎች ኋላ አረም በቀለባቸው። በ2015 የሐምቡርግ ነዋሪዎች ኦሎምፒክ እናዘጋጅ ወይ ተብለው ሲጠየቁ አብላጫው አይሆንም አለ። ሕዝቡ የሚጠየቅባቸው ከተሞች ሲሸሹ፣ ሕዝብ የማይጠየቅባቸው መንግሥታት ውድድሩን ለዝና ይሽቀዳደሙበታል። የ1934ቱ የሙሶሊኒ ዋንጫ ትምህርት አርጅቶ አልሞተም።

የኳታርን የ2022 ዋንጫ እናስብ። ስታዲየሞቹን የገነቡት ከኔፓል፣ ከሕንድ፣ ከባንግላዴሽና ከአፍሪካ የሄዱ ሠራተኞች ነበሩ፤ በካፋላ ሥርዓት፣ ማለትም ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መቀየርም ከአገር መውጣትም በማይቻልበት ደንብ። ካፋላ ምን እንደሆነ ልጁን ወይም እኅቱን ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ልኮ ለሚጠብቅ ኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። የዓለም ዓይን በዋንጫው ምክንያት ወደዚያ በማተኮሩ ኳታር የመውጫ ፈቃዱንና አሠሪ የመቀየሪያውን ገደብ በሕግ አነሣች፤ አፈጻጸሙ ግን እስከ መጨረሻው አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። ውድድር በራሱ ፍትሕ አያመጣም፤ ሆኖም በሌላ ጊዜ የማይሰማ አቤቱታ የሚሰማበትን ሰዓት ይሰጣል። በ2016 በሪዮ ማራቶን ሁለተኛ የወጣው ፈይሳ ሌሊሳ መጨረሻው መስመር ላይ ለተቃውሞ እጆቹን አጣምሮ ሲያነሣ የተጠቀመው ይህንኑ ሰዓት ነው።

ሰንደቅ ዓላማም እንደ ድሮው አይደለም። በዚያው በሪዮ የስደተኞች ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ በ10 አትሌቶች ተወዳደረ፤ ከእነርሱ አንዱ በሉክሰምበርግ የሚኖረው ትውልደ ኢትዮጵያዊ የማራቶን ሯጭ ዮናስ ኪንዴ ነበር። በ2024 በፓሪስ የሴቶች ማራቶን ለመጀመሪያ ጊዜ የወንዶቹን ቦታ ወስዶ በመዝጊያው ዕለት ተካሄደ። በልጅነቷ በስደት ወደ ኔዘርላንድስ የሄደችው ሲፋን ሐሰን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ አንደኛ፣ የኢትዮጵያዋ ትዕግሥት አሰፋ በ3 ሰከንድ ልዩነት ሁለተኛ ወጡ። ሁለቱም እዚሁ አገር የተወለዱ ናቸው። ወርቁ የማን ነው የሚለው ክርክር በየቤቱ ተነሥቶ ነበር። እኔ በበኩሌ ከክርክሩ የሚጠቅመን ጥያቄ ወጣት አትሌት ከአገሩ የሚወጣበት ምክንያት ምንድን ነው የሚለው ይመስለኛል።

ወደ ማጠቃለያዬ ልሂድ። በፊፋ ጉባኤ እያንዳንዱ አገር አንድ ድምፅ አለው፤ በ1974 ብራዚላዊው ዦአኦ ሃቬላንዥ ለደቡብ አፍሪካ ይከራከሩ የነበሩትን እንግሊዛዊውን ስታንሊ ራውስን ያሸነፉት በአብዛኛው በአፍሪካ ድምፅ ነው። ያው ድምፅ የሚሸጥ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል ደግሞ በ2015 በሙስና ተጠርጥረው በዙሪክ ሆቴል የተያዙት የፊፋ ባለሥልጣናት አሳይተውናል። በኦሎምፒክ ኮሚቴ አባላቱን የሚመርጠው ራሱ ኮሚቴው ነው፤ ስለዚህ መግቢያው ይበልጥ ጠባብ ነው። እንደዚያም ሆኖ በመጋቢት 2025 የዚምባብዌዋ ዋናተኛ ኪርስቲ ኮቨንትሪ የኮሚቴው ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች፤ ለዚያ ወንበር የመጀመሪያዋ ሴትም የመጀመሪያዋ አፍሪካዊትም ናት። ኦሎምፒክ ራሱ ግን ከ1896 ጀምሮ አንድም ጊዜ በአፍሪካ ምድር አልተካሄደም። የወጣቶች ኦሎምፒክ እንኳ ለአፍሪካ ከተማ፣ ለዳካር፣ የተሰጠው ለ2022 ነበር፤ ኋላም ወደ 2026 ተዛወረ።

ኢትዮጵያ ሯጭ አጥታ አታውቅም። ያጣችው በሎዛን የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት የሚከራከር የሕግ ባለሙያ፣ የአበረታች መድኃኒት ምርመራን ከሥር መሠረቱ የሚያውቅ ሐኪም፣ የቴሌቪዥን መብት ውል አንብቦ የሚደራደር አስተዳዳሪ፣ በዓለም አቀፍ ጉባኤ ቋንቋውንም ደንቡንም ችሎ የሚናገር ተወካይ ነው። ባምላክ ተሰማና ሊዲያ ታፈሰ በዓለም ዋንጫ ዳኞች ዝርዝር ውስጥ መግባታቸው እንደሚቻል ያሳያል። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ስፖርት ቢወድ ነገር ግን እግሩ ባይፈጥን፣ ለስፖርት የሚሆንበት ሌላ በር እንዳለ ንገሩት። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የስፖርት ሕግንና አስተዳደርን በቁም ነገር ያስተምሩ። ፌዴሬሽኖቻችን ወደ ጉባኤ የሚልኩትን ሰው ወደ ውድድር እንደሚልኩት አትሌት በችሎታ አጣርተው ይምረጡ። አቶ ይድነቃቸው ካረፉ ወዲህ በዚያ ደረጃ የሚሰማ ኢትዮጵያዊ ድምፅ አላፈራንም፤ ይህንን ጉድለት መሙላት የእኛ ትውልድ ግዴታ ነው።